ሁለት በር ያለው ቤት፦ ስለ ሃንኮክ የሼከሮች መንደር

እንደምን ዋላችሁ። የዕረፍት ቀናችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የማወራችሁ እዚሁ በምንኖርበት ማሳቹሴትስ ውስጥ ስላለ አንድ መንደር ነው። ከቦስተን ተነስታችሁ ወደ ምዕራብ ከሁለት ሰዓት በላይ ብትነዱ፣ የኒውዮርክን ወሰን ከመሻገራችሁ በፊት ፒትስፊልድ ከተማ ዳር ታገኙታላችሁ። የሃንኮክ የሼከሮች መንደር ይባላል። ሼከሮች ሳያገቡ፣ ንብረታቸውን የጋራ አድርገው የኖሩ የክርስቲያን ማኅበር ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አማኞች እዚያ የተሰባሰቡት በ1780ዎቹ ነው፤ የመጨረሻዎቹ በ1960 ለቀው ወጡ፤ በ1961 ሙዚየም ሆነ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ሙዚየም ስላልኳችሁ በመስታወት የታጠረ ዕቃ ብቻ አትጠብቁ። ሃያ ያህል ቤቶች ያሉበት፣ የሚታረስ መሬት፣ የመድኃኒት ዕፀዋት የሚበቅሉበት የአትክልት ቦታ፣ ላምና በግ፣ አሳማና ዶሮ ያለበት ሰፊ ግቢ ነው። የሚያስጎበኟችሁ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንጂ ሼከሮች አይደሉም፤ ሥራው ግን እውነተኛ ሥራ ነው። እንጨት ሲታጠፍ ታያላችሁ፣ ከብት ሲመገብ ታያላችሁ።

እኔ በሙያዬ አናጺ ነኝ፤ ወደዚያ የሳበኝም እንጨቱ ነው። በዚህ አገር የእንጨት ሥራ ላይ የዋለ ሰው የሼከርን ስም ሳይሰማ አይውልም። አዲስ ወጥ ቤት የሚያሠራ ሰው የካቢኔ በር ሲመርጥ በመጀመሪያ ከሚቀርቡለት ዓይነቶች አንዱ የሼከር ነው። ስሙን ከሚጠሩት መካከል ግን ሰዎቹ ምን እንደሚያምኑና እንዴት እንደኖሩ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ይህ ያሳዝነኛል። ምክንያቱም በዚያ መንደር ውስጥ የምታዩት ወንበር፣ መሳቢያ፣ በረትና መጥረጊያ ሁሉ ከአንድ የአኗኗር ሕግ የወጣ ነው። ሕጉን ሳያውቅ የጎበኘ ሰው ቆንጆ ዕቃ አይቶ ይመለሳል። ዛሬ ማውራት የምፈልገው ስለ ሕጉ ነው።

ከበር ልጀምር። የአምልኮ ቤታቸው ነጭ ቀለም የተቀባ የእንጨት ቤት ነው። ፊቱ ላይ ለሰዉ መግቢያ ሁለት በር አለው፤ አንዱ የወንዶች፣ ሌላው የሴቶች። በየትኛውም በር ብትገቡ የምትደርሱት ግን እዚያው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ምሰሶ የለውም፣ መድረክ የለውም፣ አትሮንስ የለውም። ወለሉ ባዶ ነው። ባዶ የሆነው ስለሚያሸበሽቡበት ነው። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላ ወገን ተሰልፈው እየዘመሩ፣ እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው እያወዛወዙ፣ ወደፊትና ወደኋላ እየተራመዱ ያመልኩ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥርዓት ያለው ሰልፍ ሳይመጣ በፊት መንፈስ የመራው ሁሉ እንደመራው ይንቀጠቀጥና ይዘል ነበርና ሼከር፣ ማለትም ተንቀጥቃጭ፣ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሚያዩዋቸው ሰዎች ናቸው። የአካባቢው ሕዝብ በእሑድ ቀን ሊያያቸው ይመጣ ነበር፤ ለእንግዳ የሚሆን አግዳሚ በግድግዳው ጥግ ነበረ።

በዝማሬና በሽብሸባ ያደግን ሰዎች ይህን ክፍል ለመረዳት ከማንም ይልቅ የምንቀርብ ይመስለኛል። ብዙ ጎብኚዎች እዚያ ባዶ ወለል ላይ ቆመው «ታዲያ ምኑን ነው የምናየው?» ብለው ሲወጡ አይቻለሁ።

ስለ ጀማሪዋ ሴት ልንገራችሁ። አን ሊ በ1736 እንግሊዝ አገር ማንችስተር የተወለደች የአንጥረኛ ልጅ ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ደክማለች። ካደገች በኋላ አንጥረኛ አገባች። አራት ልጆች ወለደች፤ አራቱም በልጅነታቸው ሞቱ። ይህን ቶሎ ብላችሁ አትለፉት። የሼከሮችን እምነት ከዚህ ሐዘን ነጥሎ ማውራት የሚቻል አይመስለኝም። በኃይማኖቷ ምክንያት በ1770 ታስራ ሳለች ራእይ አየሁ አለች፦ የሰው ልጅ ኃጢአት ሥሩ ሩካቤ ነው፤ ወደ እግዚአብሔር መመለስ የሚፈልግ ከዚያ ይራቅ። ከእስር ስትወጣ ተከታዮቿ «እናት አን» ብለው ይጠሯት ጀመር። በ1774 ስምንት ተከታዮቿን ይዛ ከሊቨርፑል በመርከብ ኒውዮርክ ገባች። ባሏ አብሯት ተሻግሮ ነበር፤ እዚህ ከደረሱ በኋላ ግን ትቷት ሄደ። ከ1781 እስከ 1783 በማሳቹሴትስና በአካባቢው እየተዘዋወረች ሰበከች፤ በድንጋይና በዱላ ያሳደዷትም እዚሁ ነው። ሃንኮክም መጥታለች። በ1784 በአርባ ስምንት ዓመቷ አረፈች።

ዛሬ የምንጎበኛቸውን መንደሮች እርሷ አላየቻቸውም ማለት ይቻላል። ሥርዓቱን ያቆሙት ከእርሷ በኋላ የመጡት ጆሴፍ ሚቻምና ሉሲ ራይት ናቸው፤ ከ1796 ጀምሮ ደግሞ ሉሲ ራይት ለሃያ አምስት ዓመት ያህል ማኅበሩን በበላይነት መርታለች። በአሜሪካ ያገባች ሴት በስሟ ንብረት መያዝ በማትችልበት ዘመን መሆኑን አስታውሱ። የሴቶች የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥቱ የጸደቀው በ1920 ነው።

ሕጉ ይህ ነው። ሼከር መሆን የፈለገ ሰው ኃጢአቱን ይናዘዛል፣ ንብረቱን ለማኅበሩ ያስረክባል፣ ከትዳር ይለያል። ባልና ሚስት አብረው ከገቡ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድምና እህት ናቸው። ጦር መሣሪያ አያነሱም። መንደሩ «ቤተሰብ» በሚባሉ ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱን ቤተሰብ የሚመሩት ሁለት ወንድ ሽማግሌዎችና ሁለት ሴት ሽማግሌዎች ናቸው። የዕለቱን ሥራ የሚያከፋፍሉትም በዚሁ መልክ ወንድና ሴት ናቸው። የሴቶችን ጉዳይ ሴት ትዳኛለች፤ ሴት ለሴት ትናዘዛለች።

«ታዲያ ገዳም ነዋ!» ትሉኝ ይሆናል። ማዕዱ የጋራ፣ ጋብቻ የለ፣ ሥራው ጸሎት፤ ልክ ነው፣ ይመስላል። የሚለየው ትልቁ ነገር ወንዱና ሴቱ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖራቸው ነው። በ1830 የተሠራውን ትልቁን የጡብ መኖሪያ ቤት ስትገቡ ይህ ፍንትው ብሎ ይታያችኋል። ወደ መቶ የሚጠጋ ሰው ይኖርበት ነበር። በመካከል ሰፊ ኮሪደር አለ፤ ወንዶች ከኮሪደሩ ወዲህ፣ ሴቶች ወዲያ። በምግብ ጊዜ በየራሳቸው ጠረጴዛ ቀርበው፣ ቃል ሳይተነፍሱ በልተው ይነሳሉ። ወንድና ሴት በደረጃ ላይ መተላለፍ እንኳ የለባቸውም ነበር።

እንዲህ ያለ ኑሮ ሰውን እንደሚያስጨንቅ መሪዎቹ አልጠፋቸውም። ስለዚህ ከ1793 ጀምሮ አንድ ሥርዓት አበጁ፤ በመላው መንደሩ ታሪክ ውስጥ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ነው። በሳምንት ጥቂት ምሽት ሴቶቹ በቁጥር ትንሽ ትንሽ ሆነው ወደ ወንዶቹ ክፍል ይመጣሉ። በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ በመካከላቸው ጥቂት እርምጃ ክፍት ቦታ አለ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ይጨዋወታሉ። ስለ እርሻው፣ ስለ ዝማሬው፣ ስለ ደህንነታቸው። ከመንደሩ የወጡ ሰዎች ከጻፉት ሳይቀር ብዙዎቹ ይህን ሰዓት ይናፍቁት እንደነበር ይታወቃል።

ወደ ወጥ ቤቱ ውረዱ። አደራ የምላችሁ ይህን ክፍል እንዳትዘሉት ነው። የቤቱ አሠሪ ዊሊያም ዴሚንግ ቤቱ ካለቀ በኋላ ለሌላ መንደር የጻፈው ደብዳቤ ዛሬም አለ፤ በኩራት ነው የጻፈው። ውሃው ከማይደርቅ ምንጭ በቧንቧ መጥቶ ወጥ ቤቱ ውስጥ በሦስት ቦታ ይወርዳል። ሁለት የዳቦ ምድጃዎች አሉ፤ አንድ ጊዜ ሲሞቁ አራት ዙር ይጋግራሉ። የበሰለው ምግብ በገመድ ሽቅብ በሚሳቡ ሁለት ቁም ሣጥኖች ወደ መመገቢያ ክፍሉ ይወጣል። መቶ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ የሚመግቡ እህቶች በደረጃ ትሪ ተሸክመው እንዳይመላለሱ ታስቦ የተሠራ ነው። በ1830! በዚያ ዘመን ለወጥ ቤት ሠራተኛ ወገብ የተጨነቀ አናጺ ስንት ነበር?

ዴሚንግ በዚያው ደብዳቤ የቤቱን መሳቢያዎች ቆጥሯል፤ 369 ናቸው። መሳቢያዎቹ ግድግዳው ውስጥ ገብተው የተሠሩ ናቸው። ለምን ግድግዳ ውስጥ? ተንቀሳቃሽ ቁም ሣጥን ከኋላውና ከሥሩ አቧራ ይይዛል፤ ቦታም ይበላል። መቶ ሰው የሚኖርበት ቤት ንጹሕ ካልሆነ በሽታ ነው። የግል ንብረት የሌለው ሰው ደግሞ የግል ሣጥን አያስፈልገውም፤ ልብሱ በጋራ መሳቢያ ውስጥ ቦታ ተሰጥቶታል። በየግድግዳው ዙሪያውን፣ ከራስ በላይ፣ የእንጨት ኩላብ የተደረደረበት ጣውላ አለ። ባርኔጣው፣ ካባው፣ ሰዓቱ፣ መጥረጊያው፣ ወንበሩ ሳይቀር እዚያ ላይ ይሰቀላል። ወንበሩን አንስተው ሰቅለው ወለሉን ይጠርጋሉ፤ የሼከር ወንበር ያን ያህል ቀላል የሆነው አንዲት ሴት በአንድ እጇ እንድታነሳው ነው። መጥረጊያውም ቢሆን የነሱ ነው፤ ቀድሞ ክብ ሆኖ ይታሰር የነበረውን መጥረጊያ ዛሬ በየቤታችን እንደምናውቀው ጠፍጣፋ አድርጎ በመስፋት ስማቸው የሚነሳው ሼከሮች ናቸው።

አሁን አንድ ዕቃ ቀረብ ብለን እንይ፤ ሞላላው ሣጥን። ቅመም፣ ክር፣ ቁልፍ፣ ዘር የሚያስቀምጡበት ባለ ክዳን ሣጥን ነው። ጎኑ ስስ የሜፕል ጣውላ ነው። በፈላ ውሃ ይለሰልሳል፣ በቅርጽ ማውጫው ላይ ይጠቀለላል፣ ጫፉ በጫፉ ላይ ተደርቦ ይመታል። ብልሃቱ ያለው የሚደረበው ጫፍ ላይ ነው፤ ቀጥ ብሎ አልተቆረጠም፣ እንደ ጣት ረዘም ረዘም ብሎ ሾጥጧል። እንጨት ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። ጫፉ ቀጥ ያለ ቢሆን በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል፤ በጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ግን እንጨቱ እንዲተነፍስ ያደርገዋል። ሚስማሩ ከመዳብ ነው፣ ብረት ይዝጋልና እንጨቱን ያጠቁረዋል። ጣቶቹን ለጌጥ የሠሯቸው የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። በ1845 የተጻፈው ደንባቸው ለውበት ብቻ ተብሎ የሚጨመርን ቅርጽ በግልጽ ይከለክላል። ሣጥኑን በእጃችሁ ይዛችሁ ስታዩት ውበቱ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል፤ ሊሰነጠቅ የነበረው ቦታ ነው ያማረው።

እናት አን ተናገረችው የሚባል ቃል አለ፦ ሺህ ዓመት እንደምትኖር ሆነህ፣ ነገ እንደምትሞት ሆነህም ሥራ። የሥራ ቤቴ ውስጥ ስሆን ይህን ቃል አስበዋለሁ። ከባድ ቃል ነው። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ለዓርብ ይድረስልኝ እያለ ሲጨቀጭቅ ከሁለቱ አንዱን መያዝ እንኳ ይቸግራል።

መንደሩን በፎቶ ያያችሁት ካላችሁ ያያችሁት ክቡን የድንጋይ በረት ይሆናል። በ1826 ነው የተሠራው። በረት ክብ የሆነው ሰይጣን የሚሸሸግበት ጥግ እንዳይኖር ነው የሚል ተረት አለ፤ ለልጆች ያስደስታል። እውነተኛው ምክንያት ግን የሰው ጉልበት ነው። በረቱ ሦስት ደርብ ነው፤ ዳገቱን ተጠግቶ ስለተሠራ ከላይኛው ደርብ ጋሪ በቀጥታ ይገባል። ድርቆሽ የጫነው ጋሪ ዙሪያውን እየዞረ መሃል ላይ ወዳለው ጥልቅ ማከማቻ ያራግፋል፣ ዞሮ ሲጨርስ ፈረሱ ወደኋላ ሳይል በገባበት በር ይወጣል። ከሥሩ ባለው ደርብ ሃምሳ ያህል ላሞች ፊታቸውን ወደ መሃል አድርገው ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ አንድ ሰው መሃል ቆሞ ሁሉንም ይመግባል። ፍጉ በወለሉ ቀዳዳ ወደ ታችኛው ደርብ ይወርዳል፤ እዚያ ሌላ ጋሪ ገብቶ ለእርሻው ይጭነዋል። ድርቆሽ ርጥብ ሆኖ ከተከመረ ሙቀት አፍኖ ራሱን እንደሚያቃጥል ገበሬ ያውቃል፤ ስለዚህ በመሃል ቁልቁል የአየር መውጫ አቆሙለት። እንዲያም ሆኖ በ1864 እሳት ተነሥቶ ጣሪያውንና የውስጥ እንጨቱን በላው፤ የድንጋዩ ግድግዳ ቆመ፣ በላዩ እንደገና ሠሩት።

ልጆች ካሏችሁ በረቱ ውስጥ የፈለጉትን ያህል ይቆዩ። የእኔ ልጆች ከዚያ አይወጡም ነበር። በጸደይ ወራት ግልገልና ጥጃ ስለሚኖር ያኔ መሄድ ጥሩ ነው።

ስለ ልጆች ካነሣን ዘንድ አንድ ያልተዋበ ታሪክ ልንገራችሁ፤ መንደሩን እወደዋለሁ ብዬ ልደብቀው አልፈልግም። ሼከሮች አይወልዱም፣ ግን ያሳድጋሉ። ወላጅ አልባ ልጆችን፣ ድሃ ወላጆች በውል የሰጧቸውን፣ ከሚገቡ ቤተሰቦች ጋር የመጡትን ይቀበሉ ነበር። ያስተምሯቸዋል፣ ሙያ ያሲዟቸዋል፣ ያጠግቧቸዋል። አካለ መጠን ሲደርሱ መቆየትም መውጣትም ምርጫቸው ነው። ግን ከወላጆቻቸው ጋር የገቡት ልጆች ከእናት አባታቸው ተለይተው በልጆች ቤት ነው የሚያድጉት። ኒውዮርክ ውስጥ ዩኒስ ቻፕማን የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ በ1814 ሦስቱን ልጆቻቸውን እርሷ ሳታውቅ ይዞ ሼከሮች ዘንድ ገባ። በወቅቱ ሕግ ልጅ የአባት ነው። እናትየው መጽሐፍ አሳትማ፣ የግዛቱን ምክር ቤት ደጅ ጠንታ፣ በ1818 ምክር ቤቱ ለእርሷ ብቻ ልዩ ሕግ አውጥቶ ፍቺውን ፈቀደላት፤ ልጆቿንም መልሳ አገኘች። ለሴት ሽማግሌነት የሰጠ ማኅበር የአንዲትን እናት ልጆች ይዞባት ቆየ። ሁለቱም እውነት ነው።

ሌላም የምትነሣ ሴት አለች፤ ርብቃ ጃክሰን። ነፃ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ሰባኪ ነበረች። በኒውዮርክ ዋተርቭሌት ከሼከሮች ጋር ኖረች፤ ማኅበሩ ለራሷ ሕዝብ በቂ አላደረገም ብላ ሞገተቻቸው፤ በኋላም ፊላዴልፊያ ከተማ ውስጥ አብዛኞቹ ጥቁር ሴቶች የሆኑበትን የሼከር ቤተሰብ መሠረተች። በ1871 አረፈች። ሼከር ሲባል ነጭ ገበሬ ብቻ በዓይነ ኅሊናው ለሚመጣበት ሰው የእርሷን ስም መጥራት እወዳለሁ።

ከዓለም ተለይተው ቢኖሩም ከዓለም ጋር ይነግዱ ነበር። የአትክልት ዘር በትንንሽ የወረቀት ከረጢት አሽጎ መሸጥን በዚህ አገር ካስፋፉት ቀዳሚዎቹ እነርሱ ናቸው። ገዢው የሼከር ዘር ሲል ይበቅላል ማለቱ ነው። በ1819 ኒው ሌባኖን በሚባለው የኒውዮርክ የሼከሮች መንደር ዘር ነጋዴዎቻቸው ከውጭ ሰው የገዙትን ዘር ከራሳቸው ጋር ቀላቅለው ላለመሸጥ በፊርማ ቃል ገቡ። የጋራ ጥቅማቸው እንዳይጎዳና የወንጌሉን ስም እንዳያጎድፉ ፈርተው ነው። 

መኪናና ኤሌክትሪክ የሚሸሹ የሚመስላቸው አሉ፤ ዘመናዊ መሣሪያን ከሚርቁት የክርስቲያን ማኅበረሰብ፣ ከአሚሾች ጋር ስለሚያምታቷቸው ነው። ሼከሮች ሥራ የሚያቀል መሣሪያ ሁሉ ወዳጆች ነበሩ። የሃንኮክ የልብስ ማጠቢያና የማሽን ቤት ከተራራው በቧንቧ በሚወርድ ውሃ ኃይል ይሠራ ነበር። ኒው ሃምፕሻየር ያለው ካንተርበሪ መንደር በ1858 ለልብስ ማጠቢያ ማሽን የፈጠራ መብት አስመዝግቧል፤ ማሽኑን ሆቴሎች ይገዙት ነበር።

ታዲያ ምን ነካቸው? በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከሜይን እስከ ኬንታኪ አሥራ ስምንት ያህል ትልልቅ መንደሮች፣ ብዙ ሺህ አማኞች ነበሯቸው። ሃንኮክ ብቻ በ1830ዎቹ ወደ 300 ሰው ነበረው። ብዙ ሰው «ስለማይወልዱ አለቁ» ይላል። ይህ መልስ አያረካኝም፤ ሳይወልዱ ለብዙ አሥርት ዓመታት እየበዙ ኖረዋልና። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ፋብሪካው ወንበርና መጥረጊያ በርካሽ ማምረት ጀመረ። ወጣት ወንዶች በከተማ ደመወዝ፣ በምዕራብ መሬት አገኙ። ወላጅ አልባ ልጆችን የሚቀበሉ ሌሎች ድርጅቶች ተከፈቱ። ወንዶቹ ሲወጡ ሴቶቹ ቀሩ፤ ከዚያ በኋላ መንደሮቹን ያኖሯቸው እህቶቹ የሚሰፉት ካባ፣ የሚሠሩት የእጅ ሥራ ነው። በሃንኮክ የመጨረሻው ወንድ ሪካርዶ ቤልደን ነበር፤ ሰዓት ይጠግን ነበር፤ በ1958 አረፈ። ሁለት ዓመት ቆይቶ መንደሩ ተሸጠ።

ስለ ሙዚየሙ ያለኝን አስተያየትም ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያወራሁላችሁ ባለ ሁለት በር የአምልኮ ቤት የሃንኮክ አይደለም። የሃንኮክ የራሱ በ1938 ፈርሷል፤ ያን ጊዜ የቀረው ሰው ጥቂት ነበር፣ ጣሪያ የሚጠግንም አልነበረም። አሁን የቆመው በ1790ዎቹ መጀመሪያ ሸርሊ በሚባል ሌላ የማሳቹሴትስ የሼከር መንደር የተሠራ ሲሆን በ1962 ነው ወደዚህ የመጣው። የሸርሊ መንደር መሬት በግዛቱ እጅ ገብቶ ዛሬ ማረሚያ ቤት አለበት። እኔ ይህ ታሪክ በሩ ላይ በትልቁ ቢጻፍ እወዳለሁ። ጎብኚው የሚቆምበት ወለል ላይ ያሸበሸቡት የሸርሊ ሰዎች መሆናቸውን ቢያውቅ አዳራሹን የበለጠ ያከብረዋል እንጂ አይንቀውም።

ሌላው ደግሞ ቤቶቹ አሁን በጣም ጸጥ ያሉ ናቸው። መቶ ሰው የኖረበት ቤት ጸጥ ሲል የምናየው ንጽሕናውን ብቻ ነው፤ የሳሙናው ትነት፣ የሕመምተኛው ሳል፣ ከዝማሬው በፊት ጉሮሮ የሚጠርገው ሰው የለም። በክፍሎቹ ውስጥ ስትዞሩ በሐና ኮሁን እጅ የተሣለውን የሕይወት ዛፍ ፈልጉ፤ ሙዚየሙ ካሉት ሁሉ የከበረው ይህ ይመስለኛል። ሐና በ1854 ስልሳ ስድስት ዓመት ሆኗት እዚሁ መንደር ሣለችው። ዛፉ በመንፈስ እንደታያት፣ ስሙንም እናት አን እንደነገረቻት ከሥዕሉ ሥር ጽፋለች። ፍሬዎቹ ትልልቅ፣ ቅጠሎቹ የተጠላለፈ መስመር ያላቸው፣ ሁሉም በቅርንጫፉ ላይ ተዘርግቶ የቆመ ነው። ጌጥ የከለከለው ደንብ የተጻፈው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ይህችን ሴት ያየችውን እንዳትሥል ግን ማንም አልከለከላትም፤ ከሰማይ የተሰጠ ነው ብለው ተቀበሏት።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ሙዚየሙ በዚህ አገር የብርድ ወራት ሁሉን ስለማይከፍት ከመሄዳችሁ በፊት ሰዓቱን አረጋግጡ። ግማሽ ቀን መድቡ። በበረቱ አትጀምሩ፣ ከእርሱ በኋላ ሌላው ያንስባችኋል፤ በመኖሪያ ቤቱ ጀምሩና ከወጥ ቤቱ ወደ ላይ ውጡ። ሠራተኞቹን ጠይቁ፣ ማብራራት ይወዳሉ። አረጋውያን ይዛችሁ ከሆነ ግቢው ሰፊ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ሂዱ።

ሼከሮች አለቁ ግን አትበሉ። ሜይን ውስጥ ሳባዝዴይ ሌክ በሚባለው መንደር ዛሬም በጣት የሚቆጠሩ አማኞች አሉ፤ በግ ያረባሉ፣ ዕፀዋት ያሽጋሉ፣ በእሑድ ጸሎታቸው ላይ ከውጭ የመጣ ሰው ይቀበላሉ። አባል መሆን የሚፈልግ ሰው ቢመጣም በራቸው አልተዘጋም። እስካሁን ሄጄ አላየኋቸውም፤ ዘንድሮ በበጋው እሑድ አንድ መኪና ሙሉ ሰው ካገኘሁ ልሄድ አስቤያለሁ፤ አብሮኝ መምጣት የሚፈልግ ከንግግሩ በኋላ ያግኘኝ።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።